ልጆቹ ከተኙ በኋላ

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆቼን ብቻዬን አሳድጋለሁ። ከሥራ ደክሜ ስገባ በትንሽ ትልቁ እጮህባቸዋለሁ፤ ሲተኙ አለቅሳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂዋ ክፉ እናት አይደሉም። የሁለት ሰው ሸክም አንድ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ድካምና ስጋት ብዙ ጊዜ ቁጣ መስለው ይወጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና ኡጋንዳ ውስጥ ከ600 በላይ በሆኑ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ጭንቀታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ሥልጠናው ከሚያስተምራቸው አንዱ ቀላል ነው፦ ስሜቱ ሲገነፍል «ይሄ ንዴት ነው» ብሎ ስሙን መጥራት፣ እግርን መሬት ላይ ጫን አድርጎ በዝግታ መተንፈስ፣ ከዚያም ዙሪያውን ልብ ብሎ ማየትና መስማት። እኚህ እናት ቤት ከመግባታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆም ቢሉ ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩን አያጠፋውም፤ ጩኸቱን ግን ሊያዘገየው ይችላል።

ከጮኹም ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ነውር የለውም። «ደክሞኝ ነው፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ካልተባለ ሕፃን ራሱን ጥፋተኛ ሊያደርግ ይችላል።

ሥሩ ገንዘብ ከሆነ ግን መተንፈስ ብቻውን አይበቃም። አባትየው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለልጆቹ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይህን በፍርድ ቤት መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር።