ምዕራፍ ሰባት፦ ጾም ሲገባ ወተቱን ማን ይገዛል?

ከባሕር ዳር ወጥተው የወረታን መንገድ ሲይዙ፣ ዓባይን ተሻግረው ብዙም ሳይርቁ ዘንዘልማን ያገኛሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢ እዚያ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም መንገዱን አቅልሎታል። ሁለት ሦስት ዲቃላ ላሞች አስሮ ወተቱን ለከተማ ማቅረብ ለሚያስብ ሰው ቦታው የተመቸ ነው።

እስቲ እዚያ ወተት የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። ሥራዋን ታውቃለች፤ ወተቷ ውኃ አይነካውም። ሰው የላትም አይባልም፤ ዕድር አላት፣ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች፣ ቢቸግራት የሚደርሱላት እህትና ጎረቤቶች አሏት። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። የካፌው ባለቤት «እስከ ፋሲካ ይቆየን» ይላታል። 55 ቀን ማለት ነው። ላሟ ግን ጧትና ማታ መታለቧን አታቆምም። ሴትዮዋ ለማን ትናገር? ማኅበርተኞቿ ሁሉ ጿሚዎች ናቸው። ከእነሱም ገሚሶቹ ራሳቸው ወተት ሻጮች ናቸው፤ የሚያውቁት ገዢ እሷ የምታውቀውን ነው። ይወዷታል፣ ያዝኑላታል፤ ወተቷን ግን ሊያሸጡላት አይችሉም።

እኛ የሰው ድሃ አይደለንም። ለለቅሶም ለሠርግም የሚቆምልን ሰው ሞልቷል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የምናውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ እኛኑ ይመስላሉ፤ እኛን የሚመታን ነገር በዚያው ሳምንት እነሱንም ይመታቸዋል። ለአነስተኛ ነጋዴ ዕውቂያ ማስፋት ማለት፣ ክፉ ቀኑ ከራሱ ክፉ ቀን የተለየን ሰው ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነበር። ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ጀመረ። የአምስት ቀን ልዩነት ብቻ! አንዱ ቤት ወተት በተወበት ሰሞን ሌላው ቤት የአፍጥር ማዕድ ያሰናዳ ነበር። በሥጋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይለያያሉ፤ ወተት ላይ ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለም። በከተማው ውስጥ ሦስት አራት የሙስሊም ቤተሰቦችን፣ አንድ የሙስሊም ምግብ ቤት የምታውቅ ወተት ሻጭ ያንን የካቲት እንዴት እንደምታልፈው ያስቡት። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል ሁለቱ ጾሞች ሁልጊዜ አይገጥሙም። ቢሆንም በዐቢይ ጾምም ወተት የማይቀርበት ቤት አለ፤ ሕፃናት ያሉበት፣ ታማሚ ያለበት፣ ሐይቁ ዳር የውጭ እንግዳ የሚያሳድር ሆቴል። ወተት ሰብስቦ የሚንጥና ቅቤውን ለፋሲካ ገበያ የሚያቆይም አለ። ሴትዮዋ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሰላምታ አላት ወይ?

ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር በሥራ ለዋጮች ላይ አሳይተዋል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል፣ ወሬውን ያቀበላቸውን ሰው ዘወትር የሚያገኙት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው፤ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ከስንት አንዴ ከሚያዩት። የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም አስቀድመን ሰምተነዋል፤ ያልሰማነው ያለው ከቡናችን ጀማ ውጪ ነው።

በአገራችን ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ከመመሥረታቸው በፊት የእህል ንግዱን ሲያጠኑ ትኩረት ከሰጧቸው ነገሮች አንዱ የደላላው ሥራ ነበር። በሩቅ ከተማ ሰው የሌለው ነጋዴ ገዢ የሚያገኘው በደላላ ነው፤ ለዚያም ኮሚሽን ይከፍላል። ደላላን መራገም ለምደናል፤ እኔ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ደላላው የሚሸጠው ዕውቂያውን ነው፤ እኛ ጊዜ ሰጥተን ያላፈራነውን። ኮሚሽኑ ከከበደዎ ዕውቂያውን በራስዎ እግር ይሥሩት።

ታዲያ ከማን ይጀመር? እኔ የምመክረው ከዕቃ አቅራቢው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ገዢው ነውና። በወተት ሥራ አቅራቢ ማለት አተላዋን የምትሸጥልዎ አረቄ አውጪ፣ ፉርሽካ የሚያወጣው ዱቄት ፋብሪካ፣ ፋጉሎ ያለው ዘይት ጨማቂ ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ሌሎች ላም አርቢዎችን ያገኛሉ። ማን ላሙን ሊሸጥ እንደሆነ፣ የትኛው ሆቴል ወተት አቅራቢ እንደቀየረ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። አተላውን ጭነው ብቻ ከመሄድ አሥር ደቂቃ ተቀምጠው ቢጫወቱ፣ የሚሰሙት ወሬ ከአተላው ይበልጥ ሊጠቅምዎ ይችላል።

ቀጥሎ ዕውቀት ያላቸው ናቸው። ዘንዘልማ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች አሉ፤ በጢስ ዓባይ መንገድ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የፎገራን ከብት ሲያጠና የኖረው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ተማሪ የሚጠይቀው አርቢ፣ መምህርም የሚያየው በረት ይፈልጋል። በርዎን ይክፈቱላቸው። ላምዎ የታመመች ዕለት የሚደውሉለት ሰው ከዚያ ጉብኝት ይገኛል።

ስለ ዕቁብ አንድ ነገር ልጨምር፤ በብዙ ሰው ላይ ያየሁት ነውና። ወተት ሻጮች ብቻ ተሰብስበው ዕቁብ ሲገቡ ደስ ይላል፤ ይግባባሉ፣ ይተማመናሉ። ጾም የገባ ሳምንት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣል ያቅታቸዋል። ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ የባጃጅ ባለቤትና ባለ ሱቅ ያሉበት ዕቁብ እንዲህ አይናጋም። ሌላም ጥቅም አለው። ዕጣ ሲደርስዎ ዋስ ይጠየቃሉ፤ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ዋስ የሆነልዎ ቀን፣ ስምዎ እርስዎ በማይደርሱበት ገበያ ተነገረ ማለት ነው። የባንክ ሰውም እንዲሁ ነው። የድሮው አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ብድር መጠየቂያ ብቻ አይሁንብዎ፤ ሒሳብዎን እያንቀሳቀሱ ሠራተኛው ፊትዎን ይልመደው።

መጀመሪያ ሲቀርቡ ምን ይባላል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል። ካፌው ከገበያተኛ ዕረፍት ሲያገኝ ይሂዱና እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ ከዘንዘልማ ነው የመጣሁት። ወተት አለኝ። ዛሬ ይግዙኝ ብዬ አይደለም፤ ወተት የሚቸግርዎት በየትኛው ቀን እንደሆነ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።» ከመሸጥ በፊት የሚጠይቅ ሻጭ ስለማይበዛ ይህ ጥያቄ በር ይከፍታል። ጊዜውንም ይምረጡ። ከጥምቀት በኋላ፣ የነነዌ ጾም ሳይገባ ያሉት ሳምንታት ሠርግ የሚበዛባቸው፣ ወተትና ቅቤ የሚፈለግባቸው ናቸው። ሰው የሚተዋወቁት ያኔ ነው፤ ጾም ከገባ በኋላ የሚመጣ ሻጭ ለማኝ ይመስላል።

ስልክ ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይታመንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ደንበኛውን በቴሌግራም ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ያን ጊዜ ደንበኛ አልነበረውም። የደንበኞችዎን ስም፣ ስልክና ሰፈር በደብተር ይጻፉ፤ ቤታቸውንም ይወቁት።

ዕውቂያው አንዴ ከተገኘ በኋላ የሚፈተነው በመጥፎ ወሬ ነው። ላምዎ ታማ መድኃኒት ከተወጋች፣ ሐኪሙ የነገረዎ ቀን እስኪያልፍ ወተቷ ለሰው አይሸጥም። ዝም ብለው ቢቀሩ ካፌው ይቀየምዎታል፤ ደብቀው ቢሸጡ የሰው ጤና ይጎዳሉ። በዋዜማው ይደውሉና እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ ላሜ መድኃኒት ላይ ስለሆነች እስከ ሐሙስ አላመጣም። እስከዚያ ጎረቤቴ ያመጣልዎታል፤ ወተቱን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ነው።» ደንበኛዬን ይወስድብኛል ብለው ይሰጉ ይሆናል። አንዳንዴ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎረቤትዎ የእሱ ላም በነጠፈች ወር የእርስዎን ስልክ ቁጥር ለገዢው ይሰጠዋል፤ ካፌውም ወተት በጎደለው ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ለእርስዎ ይሆናል።