በገና ሰሞን ውሻንና ድመትን ስለ መጠበቅ

ውሻና ድመት ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ውሻ ሌሊት ደጁን ይጠብቃል፤ ድመትም እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች። ሁለቱም ግን በዓል ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ታኅሣሥ 29 ቀን በግ ሲታረድ፥ ዶሮ ሲሠራ፥ ቄጠማ ሲጐዘጐዝ ሽታው ያስጐመጃቸዋል እንጂ የሚጐዳቸውን ከሚጠቅማቸው አይለዩም።

ደግሞም የሚዘነጋ ነገር አለ። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ቤተ ሰቡ ሲጾም የቤቱ ውሻም ሳያውቅ አብሮ ይጾማል፤ እንጀራ በሽሮ ከሚበላበት ማዕድ ሥጋ አይተርፍለትምና። ከስድስት ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ጮማ ቢጐርስ ሆዱ አይችለውም፤ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የከፋ ሕመም ያመጣበታል።

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ነበረ። ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው እርሱ ነው። በገና ዕለት ማለዳ አባቱ የበጉን ቆዳ ገፎ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ፥ በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ እብጠቶች ታዩ። አባትየውም፦ «ይህ አይበላም» ብሎ ለየው። ልጁ ግን ደስ አለው፤ «ሰው ካልበላው ለውሻዬ ይሆናል፤ እርሱም ከእኛ ጋራ ይፈስክ» ብሎ ሳንባውን አንሥቶ ሮጠ።

የእንስሳት ሐኪም የሆነው አጎቱ ለበዓል መጥቶ ነበርና በመንገዱ ቆመበት።

«ወዴት ልትወስደው ነው?»

«ለውሻው ነው፥ ጋሼ። ለሰው አይሆንም ተባለ።»

«ለእርሱም አይሆንም። ዛሬ ለውሻው የምትሰጠው ነገ ወደ አንተ ተመልሶ ይመጣል።»

ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይጠብቅ ነበርና ልጁ አዘነ፤ ነገሩንም አላመነም። አጎቱም በድንጋይ ላይ አስቀምጦ አስረዳው። በውሃው እብጠት ውስጥ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ጥቃቅን ራሶች አሉ። ውሻ በጥሬው ሲበላቸው በአንጀቱ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ቢያድጉም ቁመታቸው ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። እንቁላሎቻቸው ግን ከኵሱ ጋራ ይወጣሉ፤ በጠጉሩ ላይ ይጣበቃሉ፥ በሣርና በጓሮ ጐመን ላይ ይቀራሉ። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ቢቈርስ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያም በጉበቱ ወይም በሳንባው እንደ በጉ ያለ የውሃ እብጠት ይቋጥራል። እብጠቱ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። በጉም በሽታውን ያገኘው ውሻ የተጸዳዳበትን ሣር ግጦ ነው።

ልጁ በእጁ የያዘውን ሳንባ ተመለከተ። ዶማም አመጣና ውሻ ቈፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት፤ ድንጋይም ጫኑበት። ሁለቱም እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ለውሻውም ከደኅናው ሥጋ ጥቂት ተቀቅሎ፥ ያለ ቅመም ተሰጠው።

ከቀትር በኋላ እንግዶች መጡ፤ ደጁም ክፍት ሆኖ ዋለ። ደጅ ክፍት በሚሆንበት ቀን ውሻ ወደ መንገድ ይወጣል፤ መኪና ይገጨዋል፥ ወይም ያበደ ውሻ ይነክሰዋል። ስለዚህ የእብደት በሽታ መከላከያ ክትባቱን ከበዓሉ አስቀድሞ መከተብ ይገባዋል። ድመቲቱ በበኩሏ በጥዱ ላይ የተንጠለጠለውን የሚያብለጨልጭ ክር ስታሳድድ ታየችና አያትየዋ ክሩን ወደ ላይ ሰቀሉት፤ የተዋጠ ክር አንጀትን ይቈርጣልና። ቸኮላትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ስለ ሆኑ በቍም ሣጥን ተቈለፈባቸው።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ሳለ አንድ ደግ እንግዳ ከዶሮ ወጡ አጥንት አንሥቶ ለውሻው ወረወረለት። እንግዳን «አይጣሉ» ማለት ያሳፍራል፤ ውሻውን አስቀድሞ በጓሮ ማሰር ግን የሚያሳፍር አልነበረም። ውሻው ወዲያው ለሃጩን ያዝረከርክ፥ አፉንም በእግሩ ይቧጥጥ ጀመር። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላልና አንዱ ስባሪ ከላንቃው ሥር በመንጋጋዎቹ መካከል ተጋድሞ ነበር። ልጁ እያለቀሰ ራሱን ያዘለት፤ አጎቱም አፉን ከፍቶ በወረንጦ አወጣው።

«ዳነ?» አለ ልጁ።

«ከአጥንቱ ድኗል። ወጡን ግን ልሶታል።»

ዶሮ ወጥ ብዙ ሽንኩርት የሚገባበት ምግብ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ያፈርሳሉ፤ የድመትን ደም ደግሞ ይልቁን ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ጕዳታቸው አይጠፋም። ጥቂት የላሰ ብዙ ጊዜ አይጐዳም፤ ብዙ የበላ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ይደክማል፥ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱም ይጠቍራል። ያን ጊዜ ፈጥኖ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። አጎቱ በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የውሻውን ድድ መመልከት ለልጁ ተሰጠው።

ልጁ በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ሳይሄድ የውሻውን ከንፈር ገልጦ ይመለከት ነበር፤ ከዚያም እጁን ይታጠባል። በሦስተኛው ቀን ድዱ የገረጣ መስሎት ፈራና አያቱን ጠራ። አያትየዋም ውሻውን ከጥላው ወደ ፀሐይ አወጡትና አብረው አዩት። ቀይ ነበረ።