የዓለም ዋንጫ ሥራ፦ ደመወዝ አለው ወይስ ቲሸርት ብቻ?

ጥያቄ፦ የሥራ ፈቃድ ያላት የአትላንታ ነዋሪ፣ የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ቋሚ ሥራዋን ለቅቃ እዚያ መሥራት ያዋጣት እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ፦ ቋሚውን ሥራ መልቀቅ አያዋጣም። ከ104ቱ ጨዋታዎች ለአትላንታ የደረሷት 8 ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጁን 15፣ የመጨረሻው፣ ማለትም ግማሽ ፍጻሜው፣ ጁላይ 15። በአንድ ወር ውስጥ ስምንት የጨዋታ ቀን የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጎን ግን ጥሩ ድጎማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጣሪው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ነው። የፊፋ በጎ ፈቃደኛ የደንብ ልብስና በሥራ ሰዓት ምግብ ያገኛል እንጂ አይከፈለውም። ደመወዝ ያለው ሥራ በአብዛኛው የምግብ አቅራቢዎች፣ የጽዳትና የጥበቃ ኮንትራክተሮች ዘንድ ነው። ፊፋ የስፖንሰር ስም ስለማይፈቅድ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም ለዋንጫው «አትላንታ ስታዲየም» ተብሏል፤ ሥራ ፈላጊ ሁለቱንም ስም ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከፊርማ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ ክፍያው በደብሊው-2 (እንደ ተቀጣሪ) ነው ወይስ በ1099 (እንደ ግል ሥራ ተቋራጭ)? በ1099 ከሆነ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው 15.3 በመቶ ሙሉ በሙሉ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በደብሊው-2 ግማሹን አሠሪው ይችላል። በሰዓት ጥቂት ዶላር የሚበልጠው ማስታወቂያ ሲሰላ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

አሠሪው የመሥራት መብቷን ለሚያረጋግጥበት አይ-9 ቅጽ ደግሞ ጊዜው ያላለፈበት የሥራ ፈቃድ ካርድ ብቻውን ይበቃል፤ አሠሪው «ግሪን ካርድ ካላመጣሽ» ሊላት አይችልም።