ምሕረት እስከ ፍጻሜው
ለድኻ ገጠር ሕክምና ቤት ሊያቆሙ ለሚያስቡ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ ለድኻ ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን ኀዘኔታ ብቻውን በሽተኛን አያድንም። በከተማ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች፥ ተማሪዎችም፥ «በተወለድንበት ገጠር በነጻ የሚያክም ቤት እናቁም» ብለው ይመክራሉ፤ ገንዘብም ያዋጣሉ። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ሆኖም የተጀመረ ምሕረት ሳይፈጸም ቢቀር ምን ያህል እንደሚጐዳ አስቀድመህ ልታስተውል ይገባሃል።

ነገሩ እንዲገለጥልህ ዲክሲስን በአሳብህ ተመልከት። ዲክሲስ በአርሲ ደጋ ያለ፥ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት አገር ነው። ከገጠሩ መንደሮች በአንዲቱ ማኅበርተኞች ቆርቆሮ የለበሰ ሕክምና ቤት ሠሩ እንበል። በምረቃው ቀን ሰንጋ ታረደ፤ ሽማግሌዎችም መረቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነርሷ ደመወዟ ስለ ተቋረጠ ሄደች፤ መድኃኒቱም አለቀ። አንዲት ወላድ በሌሊት ደም ሲፈስሳት ጐረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚያ አደረሷት፤ በሩን ግን ተቈልፎ አገኙት። ቤቱ ከቶ ባይሠራ ኖሮ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አሰላ ሆስፒታል ይወስዷት ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የደም መፍሰስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላልና፥ ያ የተቈለፈ በር ሕይወቷ ያለበትን ጊዜ ሰረቀባት።

ሐኪሞች የእናቶችን ሞት ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶችን ይቈጥራሉ። ፊተኛው ለመሄድ ቍርጥ አሳብ በማድረግ ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ ነው፤ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናን በማግኘት ነው። ስለዚህ ገና ድንጋይ ሳይፈለጥ እነዚህን አራት ነገሮች መርምር።

1ኛ፥ አስቀድሞ ያለውን እወቅ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየገጠሩ ቀበሌ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደርጓል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፥ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያም እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። እነርሱን ሳትጐበኝ፥ የአገሩንም እናቶች በቋንቋቸው በኦሮምኛ ሳትጠይቅ አትጀምር። ምናልባት የሚጐድለው ቤት ሳይሆን ውኃ ይሆናል።

2ኛ፥ የሚቀመጠውን ሠራተኛ አስብ። ከጤና ቢሮ ፈቃድ አግኝ፤ የነርሷን ደመወዝ ለብዙ ዓመት አስቀድመህ አዘጋጅ፤ ማደሪያ ቤትም ሥራላት። ሌሊት የሚጠራት በሽተኛ እንዲያገኛት በዚያው ልትኖር ይገባታልና።

3ኛ፥ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚጠበቅ ወስን። ብዙ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ ካልተጠበቁ ኃይላቸው ይጠፋል። የወላድን ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒትም እንዲሁ ብርድ ይሻል። ከአጥሩ ማማር ይልቅ ማቀዝቀዣው ይቅደም።

4ኛ፥ ከዚያ ወዲያ የሚወስደውን መንገድ አዘጋጅ። ትንሽ ሕክምና ቤት ሁሉን አይፈውስም። ቀዶ ሕክምና ወይም ደም መስጠት የሚያስፈልጋቸውን ማን በምን ጭኖ እንደሚያደርሳቸው፥ የመኪናውንም ዋጋ ማን እንደሚከፍል ዛሬ ተማከር፤ በክረምት ጭቃ በሌሊት የሚደረግ ምክር አይጠቅምምና።

እነዚህ ከተሟሉ ትንሹ ሥራ ሊሰፋ ይችላል። በምዕራብ አርሲ ያለው የጋምቦ ሆስፒታል አስቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መታከሚያ ነበረ፤ በኋላ ግን ለልዩ ልዩ በሽታ የሚያክም የገጠር ሆስፒታል ሆነ። በ4ኛው መቶ ዓመትም ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን ቤት ባቆመ ጊዜ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አኖረበት እንጂ ግንቡን ብቻ አልተወም።

አሁንም የደጉን ሳምራዊ ነገር አስታውስ። ቍስለኛውን ሃይማኖቱንና ወገኑን አልጠየቀውም፤ አንተም በአርሲ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ እኩል አገልግል። ሳምራዊው አዲስ ቤት አልሠራም፤ አስቀድሞ ወደ ነበረው የእንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ዘይትና ወይን በእጁ ነበረ፤ የሚጫንበት እንስሳም ነበረው፤ ለሚጠብቀውም ሰው ገንዘብ ሰጠ። ከሁሉ በላይ ግን ተመልሶ የጐደለውን ሊከፍል ቃል ገባ። የብዙዎቻችን ምሕረት የሚጐድለው በዚህ በመጨረሻው ነው።

ወዳጄ ሆይ፥ አቅምህ ለአራቱ ነገር ባይበቃ አትፈር፤ በጎ ሥራንም አትተው። የአንዲት ወላድ የመኪና ዋጋ ክፈል፤ ወይም ለአንድ ድኻ ቤተ ሰብ የጤና መድኑን መዋጮ በየዓመቱ ሳታቋርጥ ስጥ። ተጀምሮ ከሚዘጋ ትልቅ ቤት ይልቅ በየዓመቱ የሚደርስ ትንሽ ስጦታ ይሻላል።

ለራስህ የምታቀርበው ጥያቄ፤
ስሜ በበሩ ላይ ባይጻፍ ይህን እረዳ ነበርን?
በሦስተኛው ዓመት ያንን በር የሚከፍተው ማን ነው?