የአንታሎ ዛጎሎችና የካርቦን ሰዓት

ከመቀሌ ወጣ ብሎ ገደል ገደሉን የሚጓዝ ሰው፣ በቢጫማው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ተሰክተው የቀሩ ዛጎሎችን ማየቱ አይቀርም። ጥንድ ቅርፊት ያላቸው ብራኪዮፖዶች፣ ቀንድ አውጣ መሰል ጥምዝ ቅርፊቶች፣ የኮራል ስብርባሪዎችም ይገኙበታል። ቦታው ዛሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ድንጋዩን «የአንታሎ የኖራ ድንጋይ» ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ አገራችን የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ መጽሐፉንም በ1870 አሳትሟል።

ተማሪዎቻችን ዛጎሉን በእጃቸው ሲይዙ ዘወትር የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ዕድሜው በካርቦን ተለክቷል?» የሚል ነው። አልተለካም፤ ሊለካም አይችልም። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከነበሩት አተሞች ግማሾቹ ይፈርሳሉ፤ 10 ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ከ1,024 አተሞች የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው። ዛጎሎቹ ግን 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው፤ ይኸውም ከ26,000 ግማሽ ዕድሜ ይበልጣል። ሁለትን 26,000 ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛ ከ7,800 በላይ አሃዞች ያሉት ቁጥር እናገኛለን። የመላዋ ምድር አተሞች ብዛት የሚጻፈው በ51 አሃዞች ገደማ ነው። እንግዲህ ምድር በሙሉ ካርቦን-14 ሆና ብትጀምር ኖሮ እንኳ ዛሬ አንድም አተም ባልተረፈ ነበር። (አንባቢ ስሌቱን በሎጋሪዝም ራሱ ቢሞክረው እንወዳለን።)

ታዲያ 150 ሚሊዮኑ ከየት መጣ? በመቀሌ አካባቢ ዶለራይት የተባለ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀልጦ ሳለ የኖራውን ድንጋይ ሰንጥቆ ገብቷል። ሰንጣቂው ከተሰንጣቂው በኋላ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። በዶለራይቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ከሚፈርሰው አንድ አሥረኛ ያህሉ አርጎን ወደተባለው ጋዝ ይለወጣል። ድንጋይ ሲቀልጥ አርጎኑ ስለሚያመልጥ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ መንገድ የዶለራይቱ ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታውቋል። ዛጎሎቹ ከዚያ ይበልጣሉ ማለት ነው፤ በምን ያህል እንደሚበልጡ ግን ዶለራይቱ አይነግረንም።

ቀሪውን የሚናገሩት ዛጎሎቹ ራሳቸው ናቸው። ዝርያዎቻቸው በሌሎች አገሮች በላይኛው ጁራሲክ ዘመን ንጣፎች ውስጥ ከሚገኙት ጋር ይመሳሰላሉ፤ የዚያን ዘመን ወሰኖች በዓመት ለመተመን ደግሞ በሌላ ሥፍራ የተገኙ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ረድተዋል። እዚህ ላይ እኛ የፊዚክስ መምህራን፣ አንዱን ብራኪዮፖድ ከሌላው በቅርፊቱ መስመር ለሚለየው ባልደረባችን ወንበሩን እንለቃለን።