ሚኒባሱ ወንጪ ላይ ይደር?

ጥያቄ፦ ልጆቻችንን ይዘን፣ ሚኒባሳችን ውስጥ እያደርን አምቦንና ወንጪን ልንጎበኝ አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሂዱ፤ አዳራችሁን ግን አምቦ ሆቴል አድርጉት። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የወንጪ ሐይቅ አፋፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት ደግሞ የመኪና ቆርቆሮ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ብርዱ ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። «ሞተር አስነስተን እንሞቃለን» የምትሉ ከሆነ፣ እባካችሁ ተዉት፦ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። «ሐይቁን በጠዋት ማየት ይቀርብናል» ለሚለው፣ ከአምቦ ሲነጋ መነሳት ይበቃል፤ የመንገዱን ሰላም የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ፣ በጨለማም፣ አትንቀሳቀሱ። ወደ አምቦ ስትሄዱ፣ መንገድ ላይ ምኒልክ የቆረቆሯት አዲስ ዓለም ላይ ልጆቹን አሳርፏቸው።