መዋዕለ ሕፃናትና የዘወትር ትምህርቱ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታናናሾቻችን ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ጊዜ ስናገኝ በአጥቢያችን ወዳለው መዋዕለ ሕፃናት እየሄድን መዝሙር እናስጠናለን፤ በዓል ሲደርስም ዝግጅቱን እናግዛለን። ይሁን እንጂ ባህልና ሥነ ምግባር ወደ ሕፃን ልብ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ቆም ብለን አስበን አናውቅም ነበር። እንድናስብ ያደረገን በአንድ የገና ዝግጅት ላይ የፈጸምነው ስሕተት ነው። እርሱን በቦታው እንናገራለን።

1ኛ/ ስሙ ምን ያስተምረናል?

“መዋዕለ ሕፃናት” የግዕዝ ቃል ነው። “መዋዕል” ማለት ቀኖች ወይም ዘመን ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ “የሕፃናት ቀኖች” እንደ ማለት ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ ፍሬድሪክ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንክንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ አቋቁሞ፥ በ1840 “የሕፃናት የአትክልት ስፍራ” የሚል ስም አወጣለት። እርሱ ሕፃኑን በተክል መሰለው፤ ጨዋታንም እንደ ዋና የትምህርት መንገድ ቈጠረው። ተክል በአንድ ቀን ውኃ አያድግም፤ በየዕለቱ ይጠጣል። የእኛም ስያሜ የሚቈጥረው ቀኖችን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሕፃን የሚያድገው በዘወትር እንክብካቤ መሆኑን ነው።

በአገራችን ሕፃናት ከቤታቸው ወጥተው የሚውሉበት የቄስ ትምህርት ቤትም ከጥንት ጀምሮ ነበር። ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደሉን በስንደዶ እያመለከቱ ይቈጥራሉ፤ ከዚያም አቡጊዳን፥ መልእክተ ዮሐንስን፥ በኋላም ዳዊትን ይደግማሉ። ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ ለመጣው ያስቀጽላል። አለንጋውን አናመሰግንም፤ ነገር ግን ትልቁ ታናሹን መርዳቱ ራሱ አንድ ትልቅ ትምህርት ነበር።

2ኛ/ የአንድ ቀን ውሎ

እንግዲህ ሕፃናቱ እንዴት እንደሚውሉ እንመልከት። ጠዋት በ2 ሰዓት ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይመጣሉ። መምህርታቸው በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች “እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?” ትላለች። ሕፃኑም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት።

ከጸሎትና ከመዝሙር በኋላ ጥቂት ፊደል፥ ጥቂት ቍጥር ይማራሉ። ከዚያም ጨዋታ ነው። ሴቶቹም ወንዶቹም ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፤ በቈርኪ ላይ አፈር ጨምረው “ቡና ጠጡ” ይሉናል። እኛም እንደ እውነተኛ እንግዳ ተቀምጠን እንጠጣለን። ሌሎቹ ድብብቆሽ ይላሉ፤ ከፍ ያሉት ሴቶች ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ።

ምሳ ሲደርስ በየዕለቱ ሁለት ልጆች ተራ ገብተው፥ አንዱ ውኃ በጣሳ እየቀዳ፥ ሁለተኛው ሳሙና ይዞ፥ ጓደኞቻቸውን ያስታጥባሉ። ተባርኮ ሳይቈረስ ማንም አይጀምርም። ምሳ ያልያዘ ልጅ ቢኖር መምህርቷ ጮኻ አትናገርም፤ “እስቲ ዛሬ አብረን እንብላ” ብላ ሁሉንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ታስቀምጣቸዋለች። ሕፃናቱም እርስ በርሳቸው ይጐራረሳሉ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተኝተው ሲነሡ ተረት ይሰማሉ። “ተረት ተረት” ስትል፥ “የላም በረት” የሚለው ድምፅ ከግቢው ውጪ ይሰማል። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ብለው “ኖር” ይላሉ፤ “በእግዜር” የሚለውንም መልስ በጉጉት ይጠብቃሉ።

ይህን ሁሉ እያየን እንኳ፥ ባህል ማለት በበዓል ቀን የምናሳየው ዝግጅት ብቻ ይመስለን ነበር።

3ኛ/ የገናው ዝግጅት

ገና ሲቃረብ ለወላጆች የሚታይ ዝግጅት እንድንረዳ ተጠየቅን። እኛም በደስታ ተነሣን። ከበሮ አመጣን፥ መዝሙር አስጠናን፥ ወንዶቹን የገና ጨዋታ አለማመድን። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበር ድፎ ዳቦና ቈሎ እንዲዘጋጅ ተስማማን። ለወላጆችም “ሁሉም ሕፃን የአገር ልብስ ለብሶ ይምጣ” የሚል ወረቀት ላክን።

በቀኑ ግቢው በነጭ ልብስ ተሞላ። ከሕፃናቱ መካከል ግን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ታጥቦ በተተኰሰ የዘወትር ቀሚስና በሹራብ መጣች። እናቷ በየሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች የምታሳድጋት ናት። እኛም ሰልፉ እንዳይበላሽ ብለን ልጅቱን ከመዘምራኑ አውጥተን፥ ከጥግ ካሉት ትንንሾች ጋር እንድታጨበጭብ አስቀመጥናት። ክፋት አላሰብንም፤ ያሰብነው ስለ ዝግጅቱ ማማር ብቻ ነበር። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ ስታይ ቆየችና ዳቦው ሳይቈረስ ልጅዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ በጠዋቱ መዝሙር አፍዋን አልከፍት አለች። መምህርቷም ጠርታ እንዲህ አለችን፦ “ልጆች፥ እናንተ የመጣችሁት ለአንድ ቀን ነው፤ እኔ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ከእርስዋ ጋር ነኝ።” የምንመልሰው አጣን።

ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድን። እናቲቱም ከምጣዱ ሳይነሡ “ይሁን ልጆቼ፥ እኔስ ለምጄዋለሁ። እርስዋ ግን ‘መዝሙሩን እኮ አውቀዋለሁ’ እያለች ስታለቅስ አመሸች” አሉን። እውነትም ከሁሉ ይልቅ ጠንቅቃ የምታውቀው እርስዋ ነበረች።

በዚያው ቤት አያቲቱ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ልጅቱ ማታ ማታ ከእርሳቸው ጋር እንቆቅልሽ እንደምትጫወት ሰማን። ይህንን ለመምህርቷ ነገርናት፤ እርስዋም ጋበዘቻቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አያቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። “እንቆቅልህ” አሉ። ሕፃናቱ “ምን አውቅልህ” አሉ። “ቀን ከሌት ሲሄድ የማይደክመው?” ሁሉም ዝም አለ። አያቲቱም “በሉ አገር ስጡኝ” ሊሉ ሲሉ፥ ልጅቱ ከኋላ “ወንዝ!” ብላ ጮኸች። ከገና ወዲህ ድምፅዋን በዚያ ክፍል ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። መዝሙሩን ለመዘመር ግን እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቆይታለች። አንድ ሰዓት ያልሞላው ስሕተታችን ሳምንታት ወሰደ።

4ኛ/ ከቅዱስ መጽሐፍ የምንማረው

ደቀ መዛሙርት ሕፃናትን ያመጡ ሰዎችን በገሠጹ ጊዜ ጌታችን እንዳልተደሰተ፥ ሕፃናቱንም አቅፎ እንደ ባረካቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቍጥር 13 እስከ 16 ተጽፏል። ደቀ መዛሙርቱም እንደ እኛ ሥርዓት ያስከበሩ መስሏቸው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ያስታውሳል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ጢሞቴዎስ እምነቱን ያየው በቤት ውስጥ፥ በአያቱና በእናቱ ዘንድ ነው። የአገራችን ሰውም “ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው” ይላል፤ እኛ ግን ከነሹራቡ መውደድ አቅቶን ነበር።

5ኛ/ ምን እናድርግ?

ሀ/ በዝግጅት ጥሪ ላይ የልብስ ግዴታ አንጻፍ። የአገር ልብስ ማየት ከወደድን ከመዘምራን ነጠላ ላይ ለሁሉም እናካፍል።

ለ/ አያቶችን እንጋብዝ። ተረቱ፥ እንቆቅልሹና ምርቃቱ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው።

ሐ/ ሕፃናትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሙሉ ዐረፍተ ነገር እናነጋግራቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ያለውን ጥቅም ተቀብሏል። የውጭ ቋንቋ ቢማሩ አንጠላም፤ ነገር ግን ቀለማትን በእንግሊዝኛ ቈጥሮ ለአያቱ ጉዳዩን መንገር የማይችል ሕፃን ሊያሳስበን ይገባል።

መ/ በዓል ሳንጠብቅ በሥራ ቀን ተራ ገብተን እንሂድ። ውኃ እንቅዳ፥ ምንጣፍ እናንጥፍ፥ ተረት እንንገር።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. እናንተ በሕፃንነታችሁ በሰው ፊት የተገለላችሁበት ቀን ነበርን? ያን ጊዜ ማን አጽናናችሁ?
2. ከአያቶቻችሁ የተማራችሁት፥ ለሕፃናት ልታስተላልፉት የምትችሉት ምንድን ነው?
3. በሚመጣው በዓል ዝግጅታችን አንድም ሕፃን ከጥግ እንዳይቀመጥ ምን እናድርግ?

አምላካችን የታናናሾቻችንን ቀኖች የምንጠብቅ ታማኞች ያድርገን። አሜን።